ከቀለበቱ ሥር

ለፋሲካ ሳምንት ቀርቷል፤ የላብራዶር ባሕር ገና ሰው ይሸከማል፣
ከቀትር በኋላ ግን በረዶውን ዳር ዳሩን ያልበዋል።
እንጨት አላመጣንም፤ ምድጃው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤
የበረዶ ሞተራችን ጋራዥ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፣
እንደ ተገፈፈ አቆስጣ ሆዱ ተከፍቷል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወይም የወንድሜ፣ ወይም የጨው፤
ኅዳር ላይ ውሃ ባዘለ በረዶ ውስጥ ነው ያንቦጫረቅነው።
ግራሶ ማን ያስታውሳል? ብረት ሲጠማው ማን ያውቃል?
እስኪጮህ ድረስ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ጮኸ። በግራ በኩል፣ ከአክስሉ ጫፍ፣
መጀመሪያ እንደ ወፍ፣
ቀጥሎ ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው፤
ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ነው የከፋው።

አባቴ ቦአስ በተደፋ የዓሣ ባልዲ ላይ ተቀምጧል፤
ጉልበቱን ካመመው ወዲህ እጁ ወደ አፉ ተዛውሯል።
«ቀስ ብለሽ ፍቺ! ቺያቤውን ገልብጪ!
ኧረ በግራሽ ያዢ! ኧረ መዶሻ አምጪ!»
ብሎኖቹ ተፈቱ፤ ክዳኑ ተነሳ፤
ኩሽኔታው ግማሹን ሰጠኝ፣ ግማሹን ረሳ።
የብረት ብዮቹ ጣውላው ላይ ተንከባለሉ፤
አንዷ ከሩቅ ጥግ፣ ሌሎቹ ከጫማዬ ሥር ዋሉ።
የውስጡ ቀለበት ግን ከአክስሉ ጋር ቀረ፣
ቡናማ፣ ሸካራ፣ እንደ ተቸነከረ።

«ዝገት ያጣመረውን» አለ አባቴ፣ «እንግዲህ ሰው አይለየው።»
ለብቻው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መንቀያው በሦስት ጥፍሩ ጨመደደው፤ አጠበቅኩ፣ አጠበቅኩ፤
አንዱ ጥፍር ሲያመልጥ ክርኔን ከግድግዳው አላተምኩ።
ዘይት አጠጣሁት፤ አደረ። ጠዋትም እንደ ማታው።
በእሳት ለበለብኩት፤ ቀላ፣ ጠቆረ፤ ያው።
በመዶሻ ለመንኩት፣
በምናውቃቸው በሁለቱም ቋንቋዎች ሰደብኩት።
ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ መለከተኞቹ ለፋሲካ ይለማመዳሉ፤
ሬናቱስ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይስቃሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ።

በሦስተኛው ቀን
«በቃ፣ ቁረጪው» አለና ግራይንደሩን አቀበለኝ፤
ገመዱን እየፈታ ጣቱን ቀሰረብኝ፦
«ስሚኝ ጄሩሻ፤ ቀለበቱን እንጂ አክስሉን እንዳትነኪ፤
የወረቀት ያህል ሲቀርሽ አቁሚ፤ ቀሪውን ለመሮ ልቀቂ።
አርባ ዓመት ቆርጫለሁ፤ ዲስኬ አንድም አክስል አልሳመ።»
ይህን ሲል ጉልበቱ እንኳ ለጊዜው አልታመመ።

ብልጭታው በረረ፤ እጅጌዬን በጥቃቅን ነጥብ በሳ፤
የብረት፣ የጨው፣ የሱፍ ቃጠሎ ባንድነት ተነሳ።
ትንፋሼን ያዝኩ። ወረቀት ሲቀር አቆምኩ፤
መሮውን ከስንጥቁ ደግፌ አንድ ጊዜ ብቻ አሳረፍኩ።

ጧ!
በጥር ሌሊት ባሕሩ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ያለ፤
ሦስት ቀን የታገለኝ ነገር መዳፌ ላይ ቀለለ።

አክስሉን በጨርቅ ወለወልኩ። የራሴን ጭረት ፈለግኩ።
አገኘሁት፤ አዲስ፣ የሚያበራ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ።
ከጎኑ ግን ሌላ አለ፤ ጥልቅ፣ የጠቆረ፣ የከረመ፣
አንድ ሰው በሞረድ ዳብሶት፣ አለሳልሶት፣
ከዚያ ቀለበት አልብሶት የሸፈነው።
ይህን ሞተር ከአባቴ በቀር ፈትቶት የሚያውቅ የለም።

ቀና አልኩ። በበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ ያያል፤
«ነፋሱ ዞረ» ይላል።
ነፋስ የለም።

አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ አጠገብኩት፣ እስኪተርፈው፤
ገፋሁት፤ እያንሸራተተ ሄዶ ሁለቱንም ጭረት ዋጣቸው።
«አልነካሽውም አይደል?» አለ ፊቱን ሳያዞር።
«አልነካሁትም።»
«ጎበዝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለበሩ፣ «ጎበዝ»።

ብዮቹን ለቀምኩ፤ ሰባት ናቸው።
ስምንተኛዋ እስካሁን አልተገኘችም።