ሁለት ፖሊስ በሙዘይን ቪዲዮ ቤት

ሰራተኛ ሰፈር፣ ከብረት ቀጥቃጩ ጀርባ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣
የሙዘይን ቪዲዮ ቤት፦ ቆርቆሮ ጣሪያዋ፣
ጆንያ መስኮቷ፣ ጣውላ አግዳሚዋ።
በሩ ላይ በጠመኔ፣ በራሱ በሙዘይን ጽሑፍ፣
«ዛሬ ሁለት ፖሊስ። አክሽን ነው። ያስቃል። እንዳያልፍ።»
ርዕስ አይጽፍም እሱ፤ ወሬውን ነው የሚጽፍ።

አንደኛው ቀጭን ነው፣ ደንብ የዋጠ ሰው፣
ሲተኛም ሲነሳም ቆቡን የሚያስተካክለው፤
ሁለተኛው ወፍራም፣ ቀበቶ የማይበቃው፣
ሽጉጡን አስይዞ ዳቦ የሚበላው።
የጠፋው አንድ ዶሮ፤ የከንቲባው ሚስት ዶሮ
(የውጭ አገር ከንቲባ ነው፤ ሙዘይን ምሎ ተናግሮ)።
ዶሮዋን ለማዳን ድልድይ አፈረሱ፣
ባንክ አቃጠሉ፣ ገበያ ደረመሱ፤
አሥራ አራት መኪና ገደል አስገብተው፣
«ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» ብለው መግለጫ ሰጥተው፣
ሜዳልያ ተሸለሙ።

ታዳሚው እኛ ነን፤ ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣
ከትምህርት ቤት ፎራፊ፣ ጋራዥ ሥራ ጀማሪ፤
እኔ ማስቲካ ሻጭ ነኝ። ቀጭኑ ሲወድቅ ከፎቅ፣
በሩ ብርግድ ሲል ተቆረጠ የኛ ሳቅ።

ቆመዋል ሁለት ፖሊስ። እውነተኛ። የኛ።
ሳጅን ባንጃው ነው አንዱ፣ ዱላው የማይተኛ፤
ሌላው ኮንስታብል ሌንጮ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣
የያዘውን ሌባ ሻይ የሚጋብዝ ሲባባ።
ሙዘይን ሪሞቱን በብብቱ ደበቀ፤
ሊስትሮው ከነሣጥኑ ግድግዳ ላይ ተጣበቀ።
ፊልሙን ግን ማን ይዝጋው? በዚያ ዝምታ መሃል
የፊልሙ ወፍራም ፖሊስ ዶሮ ፊት ቆሞ ይጮሃል፤
«እጅ ወደ ላይ!» ሲላት፣ ዶሮዋ ክንፏን ሰቀለች፤
አንዲት ትንሽ ድምፅ ከበሩ ዘንድ አመለጠች።

ሳቅ ነበር። የሳጅን ባንጃው። ከአፍንጫው የወጣ።
ሳል ሊያስመስለው ሞከረ፤ ግን ሌላ ሳቅ መጣ።
ሌንጮ ሆዱን ይዞ፣ «ቀጭኑ አንተን ነው!» አለ፤
«ዝም በል! ወፍራሙማ…» ሳይጨርስ ሳቁ ገነፈለ።

ቦታ ሰጠናቸው። አግዳሚው ሲጢጥ አለ።
ኮፍያውን አወለቀ፤ ግንባሩን ዙሪያውን
አየሁት የኮፍያ መስመር፣ እንደ ጅራፍ ያረፈውን።
ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ሬድዮናቸው ጮኸ፤
እያጉረመረሙ ወጡ።

ኋላ ስንት ፊልም አየሁ፣ ቸርችል ቁልቁል ወርጄ፣
በለስላሳ ወንበር፣ በውድ ትኬት፣ ከወዳጄ፤
የሚያስለቅስ አየሁ፣ የሚያስተምር፣ የተሸለመ፤
እንደዚያ ቀን ግን ከሳቅ ሆዴ አልታመመ።
ምኑ ነው የሚስበው? ፍንዳታው አይደለም፤
ብረት ሲቀጠቀጥ ያደገ ልጅ በጩኸት አይደመምም።
ደንብ ልብስ ሲቀደድ ነው፣ ልክ መቀመጫው ላይ፣
የመንግሥት ሱሪ ውስጥ የተጣፈ ፓንት ሲታይ።
ሌላም አለ፣ ለወንድ ልጅ ማውራት የሚከብድ፦
ቀን ሙሉ ሲሰዳደቡ፣ ሲናናቁ ውለው ለጉድ፣
ጥይት ሲመጣ ግን አንዱ በአንዱ ፊት ሲጋረድ።

በሳምንቱ ከጊዮርጊስ በታች፣ ማስቲካዬን አንጠልጥዬ፣
ባንጃው ከነዱላው መጣ፤ ሮጥኩ፣ ነፍሴ አውጪኝ ብዬ።
ከሲኒማው ደረጃ ሥር አስገባኝ ከማዕዘን፤
ሁለት ክንዴን ሰቀልኩ፣ እንደ ዶሮዋ፣ እንደዚያ ቀን።
ዱላው ወረደ፣ አልዋሽም፤ ግን መንገዱ ላይ ሳቀ፣
ትከሻዬን ነክቶ ብቻ፣ እንደ ሰነፍ ሰው ወደቀ።

ሌንጮ እያለከለከ ደረሰ። አንድ ማስቲካ ገዛ።
ሳጅን ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ስማ… ያቺ ዶሮ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»
«ወፍራሙ በላት» አልኩት።
ባንጃው ዞሮ ሌንጮን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።
ሌንጮ ማላመጡን አቆመ።