አምስት እጅ ባሕር

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሱብሂ አዛን በኋላ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ፣
ሦስት ጀሪካን ጭኜ እወርዳለሁ፣ ጀንበር ሳትወጣ።
ለመጠጥ አይሆን፣ ለወጥ አይሆን፣ ለልብስ አይሆን፤
ሳሎን ለተቀመጡ ለሁለት ዛጎሎች ነው የምቀዳው ይህን።

የረምስ ዓሣ አጥማጆች መረብ እያራገፉ ይስቁብኛል፤
«ሲራክ፣ ባሕሩን ወዴት ልትወስደው ነው?» ይሉኛል።
«ወደ ቤት» እላለሁ። «በየትኛው በር?»
«በጓሮው። እንደ እኔ። ሳይሰማ፣ ሳይናገር።»

በፊት ገይስ የሚበጠብጠው የከረጢት ጨው ነበረ፤
ነጭ፣ የላመ፣ ሽታ የሌለው፣ ከማዶ አገር የተሻገረ።
ዛጎሎቹ ግን እንደ ተቀየመ ሰው፣ ከንፈር ለከንፈር ገጥመው
ሁለት ወር ከረሙ፤
ተበዳሪ አበዳሪውን እንደሚሸሽ፣ ከብርሃኑ ከስመው።

«የራሳችን ባሕር አለ አይደል?» አለች ኡም ገይስ አንድ ማታ፣
ቀና ሳትል፣ መቁጠሪያዋን እየጣለች በተርታ፤
«አባቴ ትንፋሹን ይዞ የወረደበት፣ ጆሮው የደማበት፣
እኛን ያሳደገ ውሃ፣ ለዛጎል ምን ያንስበት?»

ያንስበት ሳይሆን ይበዛበታል፤ የዚህ ሰላጤ ጨው
እሳት ላይ እንደ ተረሳ ሾርባ፣ መጥጦ የወፈረ ነው።
መለኪያው አርባ ሁለት ይላል፤ ዛጎል የሚወደው ሠላሳ አምስት፤
አምስት እጅ ባሕር፣ አንድ እጅ ጨው አልባ፤ ይህ ነው የቤቱ ስሪት።
በነጭ ሻሽ አጠለዋለሁ፤ አሸዋው፣ የዓሣ ቅርፊቱ፣ የሲጋራ ቁራጩ ይቀራል፤
ከመኪናው ጎን፣ በጨለማ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ያድራል።

ይህን ገይስ ከመጽሐፍ ነው የተማረው። እኔን አልጠየቀኝም፤
አሰብ እንደ ተወለድኩ፣ የጨው ማሳ ጠባቂ ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኩትም።
አባቴ ከኩሬው ጫፍ ቆሞ፣ ጣቱን ነክሮ ይቀምስ ነበረ፤
«ዛሬ ደርሷል» ይላል፣ ወይም «ነገ»፤ ምላሱ አንድ ቀን አላፈረ።
ወደቡ የቀረብን ጊዜ ይዘን የወጣነው ሁለት ሻንጣና ያቺን ምላስ ነበር፤
ደሴ ላይ፣ በቧንቧ ውሃ፣ ሥራ ፈታች። እስኪቀበር።

የቀዳሁት ውሃ በገባ በሦስተኛው ቀን ትልቁ እጥፋቱን ዘረጋ፤
ሰማያዊ፣ ጠርዙ ወርቃማ፤ መብራት ሳይጨመር ሳሎኑ ነጋ።
ጥላዬ ሲያርፍበት ግን ክድን ይላል፤ የሚያይ መሰለኝ፤
የገይስም ጥላ ሲያርፍበት ያው ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ።

አንድ የየካቲት ሐሙስ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣ ነፋስም የለው፤
ጣቴን ነከርኩ። ቀመስኩ። ተፋሁ። ስሙን አላውቅም፤ ባሕሩ ግን ታሞ ነው።
ቀለሙ ገና ነበር፣ ሽታውም ገና፤ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለዋል፤
ጀሪካኖቼን ባዷቸውን መለስኳቸው፤ ባዶ ጀሪካን መንገድ ላይ ይጮኻል።

«ውሃው የታለ?» አለኝ ገይስ። «ዛሬ አይቀዳም።»
«ማን አለ?» «ምላሴ» አልኩት።
ሳቀ። የቀን ደመወዜን ሲቆርጥ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ ባሕሩ ቀላ፤ እንደ ዛገ ብረት።
እሑድ ዳርቻው ዓሣ ሞላ፤ ሆዱ ወደ ላይ፣ ዓይኑ ክፍት።
ይቅርታ በዚያ ቤት ከአፍ አይወጣም። ማክሰኞ ግን ጋራዡ ውስጥ
ጋሪ አገኘሁ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ወገብን ከመቀንጠስ የሚያስመልጥ።
የተቆረጠችው ቀን እንደ ተቆረጠች ቀረች።

አራት ሐሙስ ጠበቅን። በአምስተኛው፣ የዳነውን ባሕር ጭኜ ስገባ፣
ኡም ገይስ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ በነጠላ ጫማ።
ክዳኑን ከፈትኩላት። ጣቷን ነከረች፤ ቀመሰች፤
እንደ ዛጎሉ ክድን ብላ ቆየች፤
ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ምሥጢር፣
«ያቺን አንድ እጅ ሳትጨምርበት» አለች፣
«ትንሽ ልቆይ ከእሱ ጋር።»