መዳፍ አንባቢዋ

ጀህራ፣ በነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ወለል ስወለውል በድንገተኛው ቤት፣
«ሐበሺያ፣ ነይ! ተርጉሚልን» ሲሉኝ፣
ባልዲዬን ገፍቼ ከመጋረጃው ደረስኩኝ።

አልጋው ላይ አንዲት ልጅ፤ ሉባባ ትባላለች፣
ግራ እጇን በቀኟ እንደ ጫጩት ይዛለች።
መዳፏ ላይ እብጠት፣ የሎሚ ግማሽ ያህል፣
ቀልቶ፣ ተወጥሮ፣ ቢነኩት የሚያቃጥል።
«መግል ነው» አለ ጓንቱን ያጠለቀው፣
«ልብጣው፣ ይፍሰስላት፤ ቶሎ ነው የሚያልቀው።»
ምላጩ ከወረቀቱ ሲላጥ ሰማሁት፤
ከዚያ ድምፅ ኋላ ስንቱን ደም ጠረግሁት!

«ይመታኛል» አለች።
«ማን?» አልኩ ደሜ ፈልቶ፣ «ማዳም? ወይስ ያ ሰውዬ?»
«ኧረ ማንም የለም፤ እጄ ነው፣ እትዬ፤
እብጠቱ ራሱ ነው እየዘለለ የሚመታው፤
ሌሊት ልቤ ወርዶ እዚህ ነው የሚተኛው።»

የኛ «መምታት» አንድ ነው፣ ለልብም ለዱላ፤
ዐረቡ ግን ለልብ ቃል አለው ሌላ።
«የንቡድ» አልኳቸው።
ጥግ ይዛ የምትጽፍ ኑፍ የምትባል ሐኪም
ብዕሯን አቆመች። «ምላጩን አስቀምጥ፤ አሁን አንነካትም።»
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦
«ንጹሕ ሳፋ አምጪልኝ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ።»

ሳፋ እኔ የማውቀው ለጨርቅ፣ ለትውከት፤
ያን ሌሊት ግን ሆነ የመዳፍ መስኮት።
እጇን ነከርንላት እስከ አንጓዋ ድረስ፤
ሳሙና የሚያህል የአልትራሳውንዱ ጆሮ
ውሃው ውስጥ ገባ፣ ቆዳዋ ላይ ሳይደርስ፣
ሳይጫን፣ ሳያሳምም፣ ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ።

«በምን ቆረጥሽው?» አልኳት።
«የዓሳውን ቤት ሳጥብ፤ መስታወቱ ዳሩ ሸርፎ ነበር።
ደሙ ጣሪያ ሊነካ እንደ ቧንቧ ዘለለ፤
አጥብቄ አሰርኩት፤ ከዚያ ዝም አለ።
አሥራ አምስት ቀን ሆነው። ሥራ አላቋረጥኩም።»

ስክሪኑ በራ። ላዩ ጥቁር ውሃ፣
ከሥሩ አመድማ ሥጋ፣ ጅማት እንደ ገመድ፣
መሀሉ ላይ ኩሬ፣ ክብ፣ ምንም የሌለበት።
ኑፍ አንድ ቁልፍ ነካች። ኩሬው ነፍስ ዘራ፤
ቀይና ሰማያዊ፣ እኩል ተካፍለውት፣
አንዱ አንዱን ሲያሳድድ፣ ሲዞር በየተራ፤
ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ ከማሽኑ ወጣ።
«መግል» አለች ኑፍ፣ «እንዲህ አይሽከረከርም።»
ወጣቱ ምላጩን አየው። አልተናገረም።

«ንገሪያት» አለችኝ።
ለዚህ በአማርኛ ማን ስም አውጥቶለታል?
«ደም ስርሽ ተነድሏል፤ ደሙ ሾልኮ ወጥቶ
የውሸት ቤት ሠርቷል፣ ሥጋሽን ግድግዳ አድርጎ።
ቢበጡት ኖሮ...» ብዬ ተውኩት እዚያው ላይ።
«አንዲት መዳፍ አንባቢ፣ ባቲ ገበያ ላይ፣
ባሕር ትሻገሪያለሽ ብላኝ ነበር» አለች፣
«ስለ መስታወቱ ግን ምንም አልነገረች።»

ኑፍ አንጓዋን ይዛ በሁለት አውራ ጣት
ሁለቱን ደም ስሮች ጫን አድርጋ ዘጋች፤
መዳፏ እንደ ሊጥ ነጣ። ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት...
በአውራ ጣቱ ወገን ያለውን ለቀቀች።
ቀስ እያለ ቀላ፣ እስከ ትንሿ ጣት።
«ሁለት ወንዝ ነው ያላት፤ አንዱን ብንጠግነው፣
እስከዚያ ድረስ እጇን ሌላው ነው የሚያጠጣው።»
ይሄን ሳልጠየቅ ቶሎ ተረጎምኩት።

ቀዶ ሐኪሙ ከከተማ እስኪመጣ ሊነጋ ነው።
ፎርም አመጡ፣ አስፈረሟት፣ የቀለበቷን ቁጥር ያህል
ቀጭን መርፌ ሰኩባት በደኅነኛው እጅ።
እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፦ «እትዬ፣
ዓሶቹን ዛሬ ማን ያበላቸዋል?»
«ምን አለች?» አለች ኑፍ።
«ምንም» አልኩ። ሳፋውን አንስቼ ወጣሁ፤
ውሃው ገና ለብ ይላል፤ ወዲያው መድፋት ፈራሁ።