ውጥር

ዶሃ፣ ኮርኒሽ ዳር፣ ዐሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ
አልጋ አነጥፋለሁ፣ ባሕሩን ሳላይ።
መጋረጃው ዝግ ነው፣ ጊዜው ሃያ ደቂቃ፣
አንዱን ክፍል ሳልጨርስ የሌላው ሰዓት ነቃ።
ዐሥራ ስድስት ክፍል፣ ስልሳ አራት ትራስ፣
አንሶላ ስወጥር ከግርጌ እስከ ራስ።

ከዚያ ሮዌና ትመጣለች፣ የፎቁ ተቆጣጣሪ።
የሃምሳ ድርሃም ሳንቲም ከኪሷ አውጥታ
አልጋው መሃል ላይ ትጥላታለች፣ በዝምታ።
ነጥራ ከተነሣች «ጥሩ ነው» ትላለች፣
ሰምጣ ከቀረች ግን አልጋውን ታፈርሳለች።
አትጮኽም፣ አትሰድብም፣ ክፉም ሰው አይደለች፤
ሳንቲም በሚጥል ሰው እጅ ሥር ናት እሷም ያለች።

በሦስተኛው ወር መንጋጋዬ ቋ ማለት ጀመረ፣
ሕመሙ ጆሮዬ ሥር እንደ ሚስማር ተሰክቶ ቀረ።
በሕልሜ የክፍል ቁጥር፣ በሕልሜ የበር ካርድ፣
ስነቃ ላብ በላብ፣ ኤሲው እየጣለ በረድ።
ለእናቴ በድምፅ መልእክት «ደክሞኛል» ብላት፣
«ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» አለች፣ ሆዷ እየባባት።
ቻልኩት። ቃሏን እንዳለ ወሰደው ጥርሴ፣
ሌሊቱን ሲፈጭ ያድራል፣ ሳላውቅ እኔ ራሴ።

አል ዋክራ ካምፓችን ያለች ሱዳናዊት ነርስ፣
ሲስተር ኢብቲሳም፣ ጉንጬን በጣቷ ጫን አድርጋ ቀስ፣
«ሌሊት ምን ስታኝኪ ታድሪያለሽ?» አለችኝ።
«ሥራ» አልኳት።
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።
«በእናንተ ቋንቋ ይሄ ምን ይባላል?»
«ውጥረት» አልኩ፣
እና ቃሉ አፌ ውስጥ ቆመ፣ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ እንዳየሁ።

አባቴ ከበሮ ያለብስ ነበር፣ ሰቆጣ።
እርጥቡን ቆዳ በካስማ ወጥሮ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ
እየዞረ ይዳስሰዋል፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር።
ባለከበሮው ቆሞ «ጨምርበት እንጂ፣ ይሰማ እስከ ማዶ!» ሲል
እሱ አንዱን ካስማ ያላላል፣ አንዲት ቃልም ሳይል።
«ቆዳ አይጮኽም» ይለኝ ነበር ኋላ፣ «ሊቀደድ ሲል እንኳ፣
ካስማው ሥር ነው ምልክቱ፣ የሚታወቅ በጣት ሲንኳኳ።
ነጭ ሰረዝ ታያለሽ፣ ከፀጉር የቀጠነች።»

የእኔ ካስማ ጆሮዬ ሥር ነው ለካ።

መድኃኒት አገኘሁ አልልም። ክፍሉ ያው ዐሥራ ስድስት ነው።
ሲስተር እንዳለችኝ ምላሴን ከጥርሶቼ መሃል አስገባለሁ፣
ትራስ ባለበስኩ ቁጥር እስከ እንብርቴ እተነፍሳለሁ፣
አንዱ ለትራሱ፣ አንዱ ለእኔ።
ሰፋፊውን አንሶላ ከሱስሚታ ጋር፣ ከኔፓሏ፣
ጫፍና ጫፍ ይዘን እንዘረጋዋለን፣ የእኔን ከእኔ፣ የሷን ከሷ።
ደንቡ አይፈቅድም። ጀርባችን ግን ይፈቅዳል።

አንድ ቀን፣ በረመዳን፣ እንግዳው ሞልቶ ሲፈስ፣
«ዐሥራ ስድስተኛውን ዛሬ አልችልም» አልኩ።
አልችልም! በእኛ ቤት የሚመረቅ ቻይ ነው፣
ይህቺ ቃል እንግዳ ነበረች፣ ከአፌ ስትወጣ ወንበር አጣች።
ሮዌና ሳንቲሟን በጣቶቿ መሃል አዞረቻት፣ አዞረቻት።
«ነገስ?»
«ነገ እችላለሁ።»
ጻፈች። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላየሁም።
ስትወጣ ግን ትከሻዋን በእጇ ስታሽ አየኋት፣
እዚያው ቦታ፣ ካስማው ሥር።

መንጋጋዬ አሁንም ቋ ይላል፣ በተለይ ዓርብ ዓርብ።
ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም።
ትናንት ማታ ግን ካምፕ፣ የላይኛው አልጋዬ ላይ፣
የተጨማደደውን አንሶላ እንዳለ ትቼ
ሃምሳ ድርሃም ጣልኩበት።
ሰመጠች።
ተውኳት፣ ትተኛ።