ቀላል ነበር

«ጋሼ ልሳነወርቅ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ» አለች ሶልያና፣
ዳይሬክተሯ፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ልጅ ናት ገና።
ፒያሳ፣ ካሮጌው ሲኒማ ደጅ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት፤
ገመዱ መሬት ለመሬት፣ መብራቱ ሸክሙ ለሦስት ወጣት፤
ማዶ የነበረው ሰፈር የለም፤ በቦታው ሣርና ዘንባባ፣
ለመቀመጥ የሚያሳሳ አግዳሚ፣ ያልጠወለገ አበባ።

የተጠራሁት ለምክር ነው፤ ድሮን እንዳስተካክልላት፣
ኮፍያ እንዴት ይደፋ እንደነበር፣ የትኬቱን ቀለም እንድነግራት።
ፊልሟ የድሮ ነው፤ ድሮ ደግሞ የኔ፤
እዚህ ደጅ ላይ ነው ያለቀው፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ የወጣትነት ዘመኔ።

«ታች ሃምሳ ሳንቲም ነበር» አልኳት፤ «ከሸራው ሥር፣ ጣውላ ላይ፤
አንገት ተቀልሶ፣ ትንፋሽ ተይዞ፣ ፈረሱ ሲያልፍ ከበላይ
ኮቴው ጥርስ ያንቀጫቅጫል።
ፊልሙ ሲበጠስ እናፏጫለን፣ ሲቀጠል እናጨበጭባለን፤
ሱፍ ፈልፍለን ልጣጩን ፊት ላለው ሰው ኮሌታ እናወርሳለን።
ክፉው ከባርኔጣው ይታወቃል፤ ደጉ ከፈረሱ፤
ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ ይደርስላታል፤ መሐረብ ያወጣል ከኪሱ፤
በቃ። መብራት ይበራል። ሰው ይወጣል ዐይኑን እያሸ፣
ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ እንዲሁ ደስ ብሎት እንዳመሸ።
ዛሬማ የናንተ ፊልም፣ አባት ሲጠየቅ፣ ባል ሲከሰስ፣
ሚስት ሻንጣዋን ስታነሣ፣ ልጅ ቃል ለቃል ስትመልስ፤
ሰው ሊዝናና ይገባና፣ የገዛ ቤቱ ሸራው ላይ ሲከራከር...
ድሮኮ፣ ድሮ ቀላል ነበር።»

ሶልያና እስክሪብቶዋን ነከሰች። አንድም ቃል አልጻፈች።
«እህት ነበረችዎት?» አለች።

እልፍነሽ።
ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች።
ዳንቴል በኪሮሽ ትሠራለች፣ ለአርመኑ ሱቅ፣ በደርዘን፤
ያቺ ሃምሳ ሳንቲም ከዚያ ናት፤ ትሰጠኛለች ሳትመዝን።
ሴት ልጅ ሲኒማ ገባች ከተባለ፣ አለቀላት በሰፈሩ፤
እስከ ደረጃው ሸኝታኝ ታውቃለች፤ አላለፈችም ከበሩ።
ማታ እተርክላታለሁ፣ ሸሚዜን ስታጥብ፣ ክንዷ በአረፋ፣
ፈረሱን፣ ሽጉጡን፣ መሐረቡን፣ ያ ክፉ ሰው ሲደፋ።
ታዳምጥ ታዳምጥና፣ «ሴትየዋስ?» ትለኛለች፤
«ከዚያስ? ካዳናት በኋላ የት ወሰዳት? ምን ሆነች?»
«አለቀ አልኩሽ እኮ! ፊልም ሲያልቅ ያልቃል!»
እሷ ሸሚዙን ትጠመዝዛለች፣ ውሃው ጠብ ብሎ እስኪያልቅ፣
ሌላ ቃል ሳታወጣ፣ ሳትስቅ።

ቀላልማ ነበር።
ሌላ ለተሸከመለት ሰው፣ የማይቀል ምን ነበር?

ዛሬ ሳሪስ ናት። ዐይኗን ያ ክር፣ ያ ኩራዝ በልቶት
ሰው የምትለየው በሳሉ ነው፣ በእርምጃው፣ በሩን ሲከፍት።
ፊልሙ ሲወጣ ሄጄ እንደገና መተረኬ አይቀርም፤
«ሴትየዋስ?» ስትለኝ፣ አሁን «አለቀ» ማለት አልችልም።

ግማሹን ለሶልያና ነገርኳት። ዝም አለች። አንዲት ልጅ ጠርታ፣
ከበሩ ውጭ፣ ከደረጃው ላይ፣ ክርና ኪሮሽ ሰጥታ፣
ካሜራውን ከአዳራሹ አውጥታ ወደ ደጅ መለሰችው።
ልቤ አኮረፈ፤ አልዋሽም። ያ ሁሉ ፈረስ፣ ያ ሁሉ ፉጨት
የት ሊገባ ነው? ዛሬም ይናፍቀኛል፣ ጨለማው ውስጥ ያ ጩኸት።

«ጸጥታ!» ተባለ። ካሜራው ዞረ። ልጅቷ ክሩን ሳበች፣
ኪሮሹን በቀኝ እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ በሩ አሰገገች።

«ቁሙ!» አልኩ።
ሁሉም ዞረ፤ ገሚሱ በቁጣ፣ ገሚሱ በሣቅ።
«በቀኝ አይደለም» አልኩ፣ ጉሮሮዬ ሲታነቅ፤
«እልፍነሽ ግራኝ ናት።»