የደቂቃ ነጋዴ

ቶሮንቶ፣ ኦሲንግተን መንገድ፣ ከዱአርቴ ሱቅ፣
ግድግዳ ሙሉ ብረት ተሰቅሎ ሲያሳቅቅ፣
ቀጭኑ እንደ ክር፣ ወፍራሙ እንደ ክንድ፣
ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ተለጥፎበት ባንድ ባንድ፣
ሰው ሁሉ ሲገባ ጥያቄው አንድ ነው፦
«ይሄኛው አይሰረቅም?»
መልሴም አንድ ነው፦
«ይሰረቃል። የቀረው መቼ ነው።
ይህ ሽቦ ግማሽ ደቂቃ፤ መቀስ ነው የሚፈታው።
ይህ ጓጉንቸር ሁለት። ይህ ሰንሰለት አምስት፣
ያውም ሌባው ሰነፍ ሆኖ፣ ባትሪው ካለቀበት።
የምሸጠው ብረት እንዳይመስልዎት፤
ደቂቃ ነው።»

ዱአርቴ ይቆጣል፦ «እንዲህ ይባላል ወይ ለገበያተኛ?
እውነት ሳይሆን ቁልፍ ነው የምንሸጠው እኛ!»

ቁልፍ ሠሪው ዓመት ሙሉ ብረቱን ሲያጠነክር፣
ባትሪ ሠሪው በጎን ሌላ ጉልበት ሲጨምር፣
ሁለቱም ደመወዝ ይበላል። መሃል ያለው ሳይክል ነው የሚቸገር።

ሉዝቪሚንዳ መጣች፣ የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ፤
በሦስት ዓመት ውስጥ ይሄ ሦስተኛ።
የመጀመሪያዋን ሳይክል በሽቦ አስራት
ኮርቻው ሄደ፤ በማግስቱ ቀሪዋ ጠፋባት።
ሁለተኛዋን፣ ፊት ጎማዋን ብቻ ከምሰሶ አጣብቃ፣
ሲነጋ ጎማው ቆሟል ከነቁልፉ፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ።
ቁልፉ አልተነካም። ዘብ ነው፤ ያሉትን ጠበቀ፤
ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ መች ለቀቀ።

ሦስተኛዋን ገዛች፤ አሮጌ፣ ሠላሳ ዶላር፤
በግድግዳ ቀለም ለቀለቀቻት፣
አረንጓዴ በቡኒ፣ እንዳታምር፤
ኮርቻዋ ላይ ፌስታል፣ ጎኗ ላይ ፕላስተር፣
ቡዳ እንደፈራ ሰው፣ የልጁን መልክ ጥላሸት ቀብቶ እንደሚሰውር።
«አሁን ማን ይመኛታል?» ብላ ሳቀች።

አወረድኩላት ሦስት ኪሎ ተኩሉን ሰንሰለት፤
በዋጋው ሁለት ሳይክል ይገዛል፤ እያወቀች ከፈለችበት።
«ሰው የሚያልፍበት እሰሪያት» አልኳት፣ «ባንኩ ጋ፣ ገላጣው ላይ፤
ሌባ ብረት አይፈራም፤ የሚፈራው የሚያይ ሰው ሲያይ።»
ትከሻዋ ላይ አጠለቀችው፤ ወጣች፣ ትንሽ አጋድሏት።

ማክሰኞ፣ ቀትር። በረዶ ያዘለ ዝናብ።
ብሎር መንገድ፣ ሳንድዊቼን ይዤ፣ ከባንኩ አጠገብ፣
መጀመሪያ ሰማሁት፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ድምፅ፣ ግን የጎላ፤
ከዚያ ብልጭታው፣ ከእርጥቡ አስፋልት ጋር ሲጣላ።
ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፣ የከተማው ሠራተኛ ይመስል፣
ጎንበስ ብሎ ይቆርጣል፣ እንደ ደመወዝተኛ፣ ሳይቸኩል።
አንዲት ሴት ውሻዋን ሳብ አድርጋ አለፈች፤
ታክሲ ቆመች፤ ሰው አወረደች፤ ሄደች።
እኔ ደግሞ ሰዓቴን አየሁ።
ሙያ ሆነብኝ፤ ቆጠርኩ። ሃያ። ሠላሳ። ዝም ብዬ ቆየሁ።
አንድ ደቂቃ ከዐሥር ሰኮንድ ላይ ሰንሰለቱ ወደቀ፤
ያን ጊዜ ነው ቀለሟ፣ አረንጓዴ በቡኒው፣ ዐይኔ ላይ የደመቀ።
ጮኽኩ።
ጅቡ ከሄደ በኋላ።
ሳንድዊቹ በእጄ፣ አንዴ እንኳን ሳልበላ።

ሐሙስ መጣች፤ ከነዩኒፎርሟ፣ ከሥራ ወጥታ፣
የተቆረጠውን ሰንሰለት ባንኮኒው ላይ ዘርግታ።
«ስንት ቆየ?» አለችኝ።
አምስት ማለት ይቻል ነበር።
ዱአርቴ ከጓዳ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «በል» ማለቱ ነበር።
«አንድ ከዐሥር» አልኩ።
«በምን አወቅክ?»
ቆጥሬ ነበር።

አልተቆጣችም። ጣቷን በብረቱ ቁስል ላይ አስኬደች፣
የሽማግሌ እግር እንደምታክም፣ ቀስ እያለች።
«ገዝቼ ነበር» አለች፣ «ያችን አንድ ደቂቃ ከዐሥር፤
ለማን መሰለህ? እኔማ ሰው ሳጥብ ነበርኩ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮት ሥር።
ለእኔ አልነበረም ደቂቃው።
እዚያ ለቆመው ሰው ነው።»

ዱአርቴ በነፃ ሊሰጣት ሌላ ሰንሰለት ወሰደ፤
አልተቀበለችም። ዐይኗ ወደ መስታወቱ ሣጥን ሄደ።
ደወል መረጠች። የአውራ ጣት ደወል፣ ስምንት ዶላር።
ሳይክል የላትም። «ለየቷ?» ልል ነበር፤
ይቅር።
አንዴ ነካችው፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞር አለ።
ከፈለች። ወጣች። ኪሷ ውስጥ፣ በእርምጃዋ ልክ፣
ቅጭል፣ ቅጭል እያለ።