አንዲት ነጥብ

ሐምሌ ነው። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ያንኳኳል፣
ጄኔሬተሩ ከመጋዘኑ ጀርባ እንደ ሽማግሌ ያስላል፤
እኔ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከማሽኖቹ ጋር፣
ሹራቤን ደርቤ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ አፍጥጬ ላድር።

ላቦራቶሪው ውጤት ይልካል፣ ዋርዱ ጋ አይደርስም።
ሲስተር ኑሪያ ደወለች፦ «እንዲህ የሚባል የለም
ይላል ኮምፒውተሩ። ምን አደረግኸው ትናንት?»
ምን አደረግኩት? ቤት ቀየርኩለት።
ካረጀው ሰርቨር ወዳዲሱ አዛወርኩት፣
አዲሱን አድራሻ በገዛ ጣቴ ጻፍኩለት።

በቁጥሩ ስጠራው «አቤት!» ይላል፣
ትንፋሽ ሳልወስድ ይመለሳል።
በስሙ ስጠራው ግን፣ «የለም»።
«አላውቀውም» አይደለም፣ «ቆይ ልጠይቅልህ» አይደለም፤
«የለም»፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

መጀመሪያ ኬብሉን ጠረጠርኩ። አይጥ ነው አልኩ።
ፋየርዎሉን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሜ ከፈትኩ።
ማንን እንደሚጠይቅ የተጻፈበትን ፋይል አየሁ፤
ትክክል ነው፣ የሚጠይቀው የራሴን ሰርቨር ነው።
ሰርቪሱን ገደልኩት፣ አስነሳሁት፤
ሳይነጫነጭ ተነሳ።
ሎጉ ውስጥ ቁጣ የለ፣ ወቀሳ፤
ዞኑ ተጭኗል ይላል፣ ሁሉ ደህና፣ ሁሉ ሰላም።
የሚጮህ ስህተት ምንም አይደል፤
እንዲህ ሰላም ያለው ስህተት ነው የሰው ጉልበት የሚያልቅበት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘበኛው አባዝናብ ገባ፣
ከካፖርቱ ጫፍ ስሙ እየተንጠባጠበ።
«አንተ ልጅ፣ በኮምፒውተርህ ሰው አይፈለግም?
አንዲት እናት መጥተዋል፣ ከዴዶ፣ በጭነት መኪና።
ልጃቸውን ሞተር ጥሎት ሰዎች አምጥተውታል አሉ።
ካርድ ክፍል ያለው ቁጥር ነው፤
እሳቸው የያዙት ስም ነው።»
ፈለግኩ። መታወቂያ ያልያዘ፣ ያልታወቀ ወንድ፣
ሦስት አሉ፣ ሦስቱም በቁጥር።
«ማን ነበር ያሉህ? ከነአባቱ ንገረኝ።»
«ነዚፍ አባቢያ። በቃ።»

በቃ።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።
ለማሽኑ «በቃ» አላልኩትም ነበር።
ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጽፌ፣
መጨረሻው ላይ ያቺን አንዲት ነጥብ ዘልዬ አልፌ፤
እሱም፣ ታዛዡ፣ «ገና አላለቀም» ብሎ
የአባቱን ስም ደገመለት ከኋላ ቀጥሎ፦
ነዚፍ አባቢያ አባቢያ እንደማለት።
እንዲህ የሚባል ልጅ፣ እውነትም፣ የለም።
አልዋሸኝም። ሌሊቱን ሙሉ አልዋሸኝም።

ለአንድ ዐረፍተ ነገር አራት ነጥብ ስዘራ የኖርኩ ሰው
አንዷን ነፈግኩት።

ነጥቧን አኖርኩ። ተራ ቁጥሩንም በአንድ ከፍ አደረግኩ፣
አለዚያ ቆጪ ያለው ሁለተኛው ሰርቨር
«ይሄን ሰምቼዋለሁ» ብሎ ይገላበጣል፣ ይተኛል።
ግን «የለም» የተባለ ነገር ቶሎ አይረሳም፤
ማሽኖቹ አንዴ የሰሙትን «የለም» አንድ ሰዓት ያህል
እንደ እውነት ይዘውት ይቆያሉ።
ማጽዳት ይቻል ነበር። አላጸዳሁም።
አባዝናብን ተከትዬ ደረጃውን ወጣሁ።

እሱ ቁጥር አልጠየቀ፣ መዝገብ አላገላበጠ፤
ጅማ ውስጥ ቤት እንደሚፈለገው ነው የፈለገ፦
የድንገተኛው ተረኛ ወደ ኤክስሬይ መራው፣
ኤክስሬይ ወደ አጥንት ክፍል፣
አጥንት ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ነዚፍ?» አለ ወደ ጨለማው።
«ነዚፍ አባቢያ?»

ከጥግ፣ ከአስራ አንደኛው አልጋ፣ የደረቀ ጉሮሮ፦ «አቤት።»

እናትየው ያሉትን አልሰማሁም፤ ኦሮምኛው ፈጠነብኝ፣
እንባው ደግሞ የራሱ ቋንቋ ነው።
ኑሪያ የእጁ አንጓ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣
ቁጥሩን አልሰረዘችም፤
ከጎኑ ስሙን ጻፈች፣ «ነ»ዋን ከልክ በላይ አግዝፋ።

ወረድኩ። ሰዓቱ አልፏል።
ስሙን ጠራሁ።
አራቱን ቁጥር ነገረኝ፣ እንደማንኛውም ቀን፣
ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ሳይጠየቅም።
ከዚያ መብራት መጣ፤ ጄኔሬተሩ ሳሉን አቆመ፣
አዌቱን ሰማሁት።